ጎማ ውስጥ የበቀለ አንጮቴ

የጋሽ ሽፈራውን ሞት የነገረኝ አንድ የተሳቢ ሹፌር ነው። የኋላ ጎማው ተንፍሶበት እኔ ጋ ቆሞ ነበር። ክሪክ አስገብቼ ብሎን እያላላሁ ሳለ ከበላዬ ሆኖ፣ «ሽፌም አረፈ፤ አላህ ያጽናህ፣ ጎረቤትህ ነበር» አለኝ፤ የማውቅ መስሎት ነው። ቀና ብዬ አየሁት። ፊቴን ሲያይ ገባው። «አልነገሩህም እንዴ?» አለ።

ጋሽ ሽፈራው ቢሾፍቱ፣ ልጃቸው ቤት ሆነው ይታከሙ ነበር። ልጃቸው የደወለችልኝ ከሰዓት በኋላ ነው። እሳቸውም የድሮ ሹፌር ስለነበሩ ሞታቸው ከስልኩ ቀድሞ በመኪና ደረሰኝ። ያን ቀን ሱቁን መዝጋት ነበረብኝ፤ አልዘጋሁም። ዘግቼ የት እንደምቀመጥ አላወቅኩም። እስኪመሽ ድረስ ጎማ ስፈታና ስገጥም ዋልኩ።

ጎሚስታ ነኝ፤ ስሜ ከድር ይባላል። ሱቄ አዳማ፣ ወደ አሰላ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። አባቴ ከወሎ መጥተው የከፈቱት ነው። የጋሽ ሽፈራው አጥር ካለቀበት የኔ ሱቅ ይጀምራል። ስለዚህ ከልጅነቴ ጀምሮ በየቀኑ አይቻቸዋለሁ ማለት እችላለሁ። ረጅም ሰው ነበሩ። ግራ ጉልበታቸው አይታጠፍም፤ ሲቀመጡ እግራቸውን ወደፊት ዘርግተው ነው። ሰው እንዳይደናቀፍባቸው ሁልጊዜ ጥግ ይመርጡ ነበር። መንዳት ካቆሙ ብዙ ዓመት ቢሆናቸውም የሹፌር እንቅልፍ አልተዋቸውም። ጎህ ሳይቀድ ይነሳሉ፤ ሱቄን ስከፍት የሳቸው ግቢ ውሃ ጠጥቶ፣ መሬቱ ጠቁሮ አገኘዋለሁ።

እግራቸው የተሰበረበትን ታሪክ ብዙ ጊዜ ነግረውኛል። በነገሩኝ ቁጥር ታሪኩ ያጥር ነበር። ማዳበሪያ ጭነው ወደ ወለጋ ሲሄዱ ነቀምትን አልፈው፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አላቸው። መኪናው ገደሉን ይዞ ተንከባለለ። እሳቸውን ከጋቢና ያወጧቸው ገበሬዎች ናቸው። ክረምት ነበር፤ ጅረቱ ድልድዩን ወስዶት ወደ ትልቅ ሆስፒታል የሚያደርስ መንገድ አልነበረም። ጤና ጣቢያው ጀሶ አሰረላቸው፤ የሚተኙበት አልጋ ግን አልነበረውም። አዴ ድንቄ የሚባሉ ባለቤታቸው የሞቱባቸው ሴት፣ «እኔ ቤት ይተኛ» አሉ። ከዚያ በፊት አይተዋቸው አያውቁም።

ክረምቱን ሙሉ እዚያ ተኙ። በዚያ አገር አጥንቱ የተሰበረ ሰውና የወለደች ሴት አንጮቴ ይበላሉ። አንጮቴ ሥራሥር ነው። ከነልጣጩ ይቀቀላል፣ ተልጦ ይከተፋል፣ ቅቤ ይፈስበታል። አዴ ድንቄ ጠዋትም ማታም ይሄንኑ አቀረቡላቸው። «መጀመሪያ አልወደድኩትም» ይሉ ነበር ጋሽ ሽፈራው። «በኋላ ሳህኑ ሲዘገይብኝ እንደ ሕፃን እቆጣ ጀመር።» ሊሄዱ ሲነሱ፣ «በምን ላመስግንዎት?» ቢሏቸው አዴ ድንቄ ተቀየሙ። ከዚያ ደግሞ አዘኑላቸው መሰለኝ፤ ከአመድ ጋር ታሽቶ የደረቀ ዘር በጨርቅ ቋጥረው ሰጧቸው። «እዚያ እናንተ አገር ዝራው። ከበቀለ ንገረኝ» አሏቸው።

በዚያ ጊዜ አዴ ድንቄ ስልክ አልነበራቸውም። ቢሆንም ጋሽ ሽፈራው ሲበቅል በሰው በሰው መልዕክት ላኩ። ስልክ እጃቸው ከገባ በኋላ ደግሞ በየመስቀሉ ይደውሉላቸው ነበር። አንዱ ኦሮምኛ፣ አንዱ አማርኛ እየተናገሩ፣ ሁለቱም እየጮሁ ይግባባሉ።

አዳማ ለአንጮቴ ይሞቀዋል። የመጀመሪያው ዓመት ከመሬት ያወጡት ሥር የካሮት ያህል እንኳ አልነበረም። ሰፈሩ ቅል ነው የተከሉት ብሎ ሳቀ፤ ቅጠሉና ሐረጉ ይመሳሰላላ። እሳቸው ግን ከዓመት ዓመት ጥላ እየሠሩለት፣ ውሃ እየመጠኑለት አለመዱት። በመኪና ቋንቋ ነው የሚያወሩት። አልበቅል ያለውን «ካምቢዮ አልገባለትም» ይሉታል፤ ሐረጉ አለቅጥ የረዘመውን «ይሄ ባዶውን ነው የሚሮጠው፣ ጭነት የለውም» ይሉታል። የድሮ ጓደኞቻቸው ሹፌሮችም ወሬውን ሰምተው ከየሄዱበት ሥራሥር ያመጡላቸው ጀመር፤ ቦዬ ከወላይታ፣ ጎደሬ ከጅማ። ሁሉንም ይተክሉ ነበር። ግን እንግዳ ሲመጣ ወስደው የሚያሳዩት አንጮቴውን ነው።

ዘሩ ከሁሉም ሥር አይወሰድም። ሌላው ሲቆፈር አንዳንድ ትልልቅ ሥር ሳይነካ መሬት ውስጥ ይቀራል። በጋውን እዚያው ይከርምና ዝናብ ሲመጣ አቆጥቁጦ አጥር ላይ ይወጣል። ፍሬው ሲበስል ይቀላል፤ ዘሩ ከዚያ ውስጥ ነው የሚወጣው። ይሄን እናቱን ሥር ወለጋዎች «ጉቦ» ይሉታል። ጋሽ ሽፈራው ለዚህ ስም የነበራቸው ፍቅር ልዩ ነው። ወፍራሙን ሥር አይቶ «ይሄንን ለምን አናወጣውም?» ላለ ሰው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «እሱ ጉቦ ነው። እዚህ ግቢ ጉቦ አይበላም።» እንግዳው ሲስቅ እሳቸው አይስቁም። እየጠበቁት ቆመው ሲያበቃ ወደ ሌላው ተክል ያልፋሉ።

አንድ ቀን አብረን በሚኒባስ ወደ ቢሾፍቱ ስንሄድ ዘር የሰጡት አንድ ጓደኛቸው ደወለላቸው። ሞጆን አልፈናል። አጠገባቸው እኔ ነኝ፣ መኪናው ጢም ብሎ ሞልቷል። ጋሽ ሽፈራው ጆሯቸው ስለደከመ በስልክ ሲያወሩ ይጮኻሉ። «ስማ! ዘሩ ሊጠፋ ነው እኮ! የነሱ አልቋል፣ አሁን የቀረው የኛ ዘር ብቻ ነው! ከሌላ ዘር ጋር እንዳይደባለቅ ተጠንቀቅ!» አሉ። ሚኒባሱ ውስጥ ወሬ ቆመ። ረዳቱ እጁን በሩ ላይ እንዳደረገ ቀረ። ስልኩን ሲዘጉ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ በቀስታ፣ «አባት፣ የማን ዘር ነው?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ ሽፈራው ዞረው፣ «የአንጮቴ» አሏቸው። ሴትዮዋ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ሁሉም ሳቀ። ሲወርዱ ግን፣ «ሰው ፈርቶ ነበር አይደል?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ነው መንገዱ ይሰፋል የተባለው። በመስመሩ ያለ አጥር ሁሉ ቀይ ቀለም ተቀባ። የኔ ሱቅ በረንዳውን አጣ፤ የሳቸው ግቢ ግን ፊት ለፊቱን በሙሉ፣ ጉቦዎቹ ያሉበትን መሬት ሰጠ። የቀረላቸው ከቤቱ ጀርባ ያለው፣ ሲሚንቶ የፈሰሰበት ጓሮ ነው። ሰፈሩ ውስጥ የጮኸም፣ ያለቀሰም ነበር። እሳቸው ዱላቸውን ይዘው ሱቄ መጡና፣ «ከድር፣ የማይጠገን የከባድ መኪና ጎማ አለህ?» አሉኝ።

«ሞልቷል። ለምንዎት ነው?»

«አፈር ልሞላበት ነው።»

ጎማዎቹን እያንከባለልን ጓሮ አስገባን። ሁለት ሁለቱን ደራርበን፣ ከፊት ያለውን አፈር በጋሪ እያመላለስን ሞላናቸው። በጋ ስለነበር መሬቱ ደርቋል፤ ሥሮቹን ለማውጣት ዶማ ግድ ሆነ። ጋሽ ሽፈራው ዶማውን ለኔ አልሰጡም። በማይታጠፍ እግራቸው መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ጎናቸውን አስደግፈው ቆፈሩ። ላባቸው አፍንጫቸው ላይ ይንጠባጠባል። ትልቁን ሥር ዶማው ሰነጠቀው። ያን ጊዜ ዶማውን አስቀመጡ። የቀሩትን በእጃቸው አወጡ።

ዝናብ ሲመጣ ከተተከሉት ሁሉ ያቆጠቆጠው አንዱ ብቻ ነው። ሌላው መሬት ውስጥ በስብሷል። ያንኑ አንዱን ፊት ለፊቱ በርጩማ አስቀምጠው ይጠብቁት ነበር። ጠዋት ሳልፍ፣ «አለ?» እላቸዋለሁ። «አለ» ይሉኛል። በዚያ ክረምት ከዚህ የበለጠ ወሬ አልነበረንም።

ጫልቱ የመጣችው ፍሬው ሲቀላ ነው። ሁለት ሕፃናት ይዛ፣ ነጠላዋ አቧራ ሆኖ ሱቄ በር ላይ ቆመችና፣ «የሽፈራው ቤት የቱ ነው? ሹፌር የነበረው» አለችኝ። ይዣት ገባሁ። ጋሽ ሽፈራው ጓሮ ነበሩ።

«የአዴ ድንቄ ልጅ ነኝ» አለች።

ዱላቸውን ሳይዙ ተነሱ። እኔ ቢወድቁ ልይዛቸው ተጠጋሁ፤ አልወደቁም። «እናትሽስ?» አሏት። አንገቷን ደፋች። ቀበሌው በሙሉ በተኩስ ምክንያት ተነቅሎ ወጥቶ ነበር። አዴ ድንቄ ነቀምት ዘመድ ቤት ደርሰው ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ከመሞታቸው በፊት፣ «አዳማ አንድ ልጅ አለኝ፣ እግሩ የተሰበረ» ብለዋታል። እግሩ የተሰበረው ልጅ ያን ጊዜ ሽማግሌ ነው።

ጋሽ ሽፈራው ብዙ አለቀሱ። ሲያበቁ ቤት ገቡና የዚያን ዓመት ዘር በጨርቅ እንደተቋጠረ ይዘው ወጡ። «የእናትሽ ነው። ውሰጂ» አሏት።

ጫልቱ ጨርቁን አየችው እንጂ አልተቀበለችም። «ጋሼ፣ እኔ ይሄን ምን ላርገው?» አለች። «የምተኛበት እንኳ የሰው ቤት ነው። የት ልዝራው?»

እጃቸው እንደተዘረጋ ቆየ። ከዚያ ሰበሰቡት። «ልክ ነሽ» አሏት። ዘሩን ወደ ቤት መልሰው አስገቡ፤ ለልጆቹ ዳቦ አመጡ። ስለ ዘሩ ለረጅም ጊዜ ዳግመኛ አላነሱም። እኔ ግን ያን ቀን እጃቸው እንዴት እንደተመለሰ አልረሳውም።

ጫልቱ ከከተማው ዳር አንዲት ክፍል ተከራይታ ምግብ ቤት ሰሃን ታጥብ ጀመር። እሁድ እሁድ ልጆቿን ይዛ ትመጣለች። ልብስ ታጥብላቸዋለች፤ አታጠቢ ቢሏትም አትሰማም። አንድ እሁድ ሐረጉን ያሰሩበትን የናይለን ገመድ ቆማ ስታየው ቆየችና ፈታችው። «ይሄ ያፍነዋል። እማዬ በልጥ ነው የምታስረው» አለች። ልጥ ፈልጋ መጣች። በሚቀጥለው ሳምንት አንዱን ጎማ አፈሩን ገልብጣ ሞላችው። ከዚያ ሌላውን። ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ጋሼ፣ ያ ዘር አለ?» አለቻቸው።

«የት ይሄዳል» አሉ። ሲነሱ ግን ቸኩለው ነበር።

በዚያ ዓመት ጓሮው ሞላ። ከየጎማው አፍ ሐረግ እየወጣ ጣሪያውን ያዘ፤ ልጆቹ ከሥሩ ይጫወታሉ። ለመስቀል ጫልቱ ቆፍራ አወጣችና ቀቀለችው። እኔም ተጠርቼ ነበር። ጋሽ ሽፈራው መጀመሪያ የጎረሱትን ዋጡና ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «የሷ ነው» አሉ። ጫልቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልጆቹ ግን ቅቤው እየተንጠባጠበ ይበሉ ነበር፤ ታናሹ ጨምሩልኝ አለ።

ወዲያው በዓመቱ ሰዎች ወደ ቀያቸው እየተመለሱ ነው የሚል ወሬ መጣ። ጫልቱ ልሂድ አለች። ጋሽ ሽፈራውን ተቆጥተው ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ሕፃናት ይዘሽ? መንገዱን ማን አውቆት? ዛሬ ሰላም ነው ይሉሻል፣ ነገ ሌላ ነው!»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«እዚህ ምን ጎደለሽ? አንቺም ትሠሪያለሽ፣ ልጆቹ ትምህርት ጀምረዋል፣ አንጮቴውም አለ።»

ጫልቱ አንገቷን ደፍታ ጣቶቿን ስታፍተለትል ቆየች። «ጋሼ፣ እርስዎ ጎማ ውስጥ ነው የሚዘሩት፤ ሌላ ስለሌለዎት» አለች። «እኔ እኮ መሬት አለኝ።»

በነጋታው ዘሩን ሁሉ ሊሰጧት ቋጠሩት። ግማሹን መለሰችላቸው። «መንገድ ላይ ከጠፋብኝ ከየት አመጣለሁ? እርስዎ ጋ ይቀመጥ» አለች። አውቶብስ ተራ ድረስ እኔ ሸኘኋት። እሳቸው እስከ በር ብቻ ነው የወጡት። ባጃጁ ሲዞር እጃቸውን አላነሱም፤ ቆመው አዩ።

ነቀምት ስትደርስ ደወለች። ከዚያ ወዲያ ስልኳ አልሠራ አለ። ወደ ቀበሌያቸው ኔትወርክ የለም ተባለ። ክረምቱ ገባ። ጋሽ ሽፈራው ጠዋት ጠዋት ሱቄ በር ላይ እየመጡ፣ «ደወለች?» ይሉኛል። ለሳቸው ያልደወለች ለኔ እንደማትደውል ያውቃሉ። አልደወለችም እላቸዋለሁ። «እሺ» ብለው ይመለሳሉ። አንዳንድ ቀን ከወለጋ የመጣ መኪና ካገኙ ሹፌሩን ያስቆሙታል። ዝናቡ እንዴት ነው፣ መንገዱ ክፍት ነው፣ እዚያ ወዲያ ያለው ቀበሌ ሰው ገብቶበታል እያሉ ይጠይቃሉ። ሹፌሮቹ ትንሽ የሚያውቁትን ይነግሯቸዋል፤ የማያውቁትንም ለማጽናናት ይጨምሩላቸዋል።

በዚያው ክረምት ምግብ እምቢ አላቸው። ሰውነታቸው ከሳ። ልጃቸው ወደ ቢሾፍቱ ልትወስዳቸው ስትመጣ ብዙ አልተከራከሩም፤ ይሄ ነው ያስደነገጠኝ። የጓሮውን ቁልፍ ሰጡኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። መጨረሻ ያየኋቸው ቀን በረንዳ ላይ፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ብርድ ልብስ ለብሰው ተቀምጠዋል።

«ጎማዎቹን አጠጣህ?»

«አጠጥቻለሁ።»

«አታብዛ።» ብርድ ልብሱን ሳብ አድርገው፣ «ጫልቱ ከደወለች ታሟል እንዳትላት። ልጆቹን ይዛ መንገድ ትገባለች» አሉኝ።

አልላትም ብዬ ቃል ገባሁ። ቃሌን ለመጠበቅም አልተቸገርኩም፤ ስልኳ እንደሆነ አልሠራም። ሲሞቱም ደጋግሜ ሞከርኩ፤ አልገባም። አዳማ አምጥተን ቀበርናቸው። ቀብሩ ላይ ከቤተሰቡ ይልቅ ሹፌሮች ይበዙ ነበር። መኪኖቻቸውን ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ አደባባዩ ደርድረው ነበር፤ ትራፊክ ፖሊሱ ምንም ሳይላቸው አለፈ። አርባቸውም ወጣ።

ከአርባው በኋላ አንድ ጠዋት ባጃጅ ሱቄ በር ላይ ቆመ። ጫልቱ ወረደች። ብቻዋን ነበረች። ፊቷ ጠቁሯል፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ ጫማዋ በጭቃ ተሸፍኗል። ከባጃጁ ውስጥ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ጭነት ጎትታ አወጣች። ላግዛት ስጠጋ አልሰጥም አለችኝ።

«አካም ጅርታ ከድር» አለች። የጋሽ ሽፈራውን በር አየችው። «ተቆልፏል። ወጥተው ነው?»

«መጀመሪያ ግቢ፣ ተቀመጪ» አልኳት።

ገብታ ተቀመጠች። ማዳበሪያውን ጭኗ ላይ አድርጋ ማውራት ጀመረች፤ ደክሟት ስለነበር ቃላቱ እርስ በርስ ይጋጩ ነበር። ልጆቹ አክስታቸው ጋ ናቸው። ቤቱ ቆርቆሮው ተወስዷል እንጂ ግድግዳው ቆሟል። መንገድ ላይ ሁለት ቀን ቆይታለች፤ በየኬላው ማዳበሪያውን አስፈትተው እያንዳንዱን ሥር አይተውታል። «በቅሏል» አለች። «ሁሉም በቅሏል ከድር። ጉቦውን እዚያው መሬት ውስጥ ትቼዋለሁ። ይሄ የጋሼ ነው። ስልክ የለ፣ ምን የለ፤ ሄጄ በአፌ ልንገራቸው ብዬ ነው የመጣሁት።»

አፌን ከፈትኩ። «ቆይ፣ ሻይ ላምጣልሽ» ነው ያልኩት።

ከጎን ካለው ሻይ ቤት አንድ ሻይና ዳቦ ይዤ ስመለስ እንቅልፍ ወስዷታል። ጭንቅላቷ ማዳበሪያው ላይ ወድቆ፣ እጆቿ አቅፈውት፣ አፏ ትንሽ ተከፍቷል። ሻዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ በሳህን ከደንኩት። ኮምፕሬሰሩ ሊነሳ ሲያጉረመርም ሄጄ አጠፋሁት። አንድ ሚኒባስ መጥቶ ጥሩምባ ሊነፋ ሲል ወጥቼ በእጄ አስቆምኩት። ሹፌሩ ጎማውን አሳየኝ።

«ወደላይ ሂድ፣ እዚያ ሌላ ጎሚስታ አለ» አልኩት።

«ክፍት አይደለህም እንዴ?»

«ሰው ተኝቷል» አልኩት።

ተመልሼ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ውጪ መኪኖች ያልፋሉ። አልቀሰቀስኳትም። ስትነቃ ምን ብዬ እንደምጀምር እያሰብኩ ጠበቅኳት።